የምኑ ሸራ?

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ «ከሙያህ አንድ ነገር ጻፍልን» ብሎ ከጠየቀኝ ሁለት ወር አለፈው። ስለ ወባ ልጻፍ ወይስ ስለ ስኳር በሽታ እያልሁ ሳመነታ ሰነበትሁና በመጨረሻ የመረጥሁት በሽታ ሳይሆን ቃል ሆነ። ቃሉም «ሸራ» ነው። «ሐኪም ሊሆን የሚማር ሰው ከሸራ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ። በዚህ ቃል የተነሣ አንድ የአገሬ ልጅ በእኔ ስሕተት ሊሞት ነበርና።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሁለተኛ ዓመት ሳለን በመድኃኒት ትምህርት ክፍል ስለ ሐሺሽ በተማርንበት ቀን፣ መምህራችን የተክሉ ስም በላቲን «ካናቢስ» መሆኑን ነገሩንና፣ እንግሊዞች ሸራን «ካንቫስ» የሚሉት ከዚሁ ስም አውጥተው ነው አሉን። ክፍሉ ሁሉ ሣቀ። ቀልድ ግን አልነበረም። የተክሉ ግንድ ጠንካራ ቃጫ አለው፤ ዐረቦቹም «ቂነብ» ይሉታል። በጥንት ዘመን የመርከብ ሸራና ገመድ ከዚሁ ቃጫ ይሠራ ስለ ነበር፣ ጨርቁ በተክሉ ስም ተጠራ። ኋላ ጥጥና ተልባ ተተኩበት፤ ዛሬ ደግሞ ከፕላስቲክ የሚሠራም አለ። ስሙ ግን ከተክሉ ጋር እንደ ታሰረ ቀረ።

እንግሊዞች ከዚሁ ስም ግሥም አውጥተዋል። የግሡ የመጀመሪያ ትርጉም ሰውን በሸራ ላይ አስተኝቶ፣ አራቱን ማዕዘን ይዞ ወደ ላይ እያነጠሩ መጫወት ነበር። ከዚያ አንድን ነገር አገላብጦ መመርመር ማለት ሆነ። ቀጥሎም ቤት ለቤት እየዞሩ ለምርጫ ድምፅ መለመን ማለት ሆነ። ባለፈው የማኅበራችን ምርጫ ጊዜ የተወዳዳሪዎቹን ጭንቀት ያየ ሰው ሦስቱም ትርጉሞች ዝምድና እንዳላቸው አይጠራጠርም። እኔ ግን ሁለተኛውን፣ «አገላብጦ መመርመር» የሚለውን፣ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ አደራ እላለሁ።

የእኛስ «ሸራ»? እዚህ ጅዳ ከመጣሁ ወዲህ ከወደ የት እንደ ሆነ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ዐረቦቹ የመርከብ ሸራን «ሺራዕ» ይሉታል። የጉሮሮዋን «ዕ» እኛ ዋጥናት፤ የቀረው «ሸራ» ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም የጳውሎስ መርከብ በማዕበል ስትንገላታ የሚነሣውና የሚወርደው ይኸው ሸራ ነው። ባሕር የሌለው የወሎ ገበሬ የመርከብ ቃል እንዴት ሊወርሰው ቻለ ቢባል፣ ምጽዋና ጅዳ የአንድ ባሕር ወዲህና ወዲያ ወደቦች መሆናቸውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ615 ከመካ ስደት የወጡት የነቢዩ ተከታዮች ከጅዳ በስተ ደቡብ ካለው ከሹዓይባ ወደብ በነጋዴዎች መርከብ ተሳፍረው ወደ ነጋሺ አገር ሲሻገሩ፣ ያሻገራቸው ነፋስ የሞላው ሸራ ነበር። ስደተኛው ያኔ ከዚህ ወደዚያ ነበር የሚሄደው። ዛሬ መንገዱ ወዴት እንደ ዞረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ከሸራ ዘመዶች አንዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ይቆጨኛል። በግእዝ ድንኳን «ደብተራ» ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን ደብተራዎችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ዲፍቴራ» ማለት የተፋቀ ቆዳ ነው። ከዚሁ ቃል ዐረቡ «ደፍተር» አለ፤ እኛም የምንጽፍበትን «ደብተር» ከዚያ ወሰድን። ፈረንሳዊው ሐኪም ብረቶኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1826 የሕፃናትን ጉሮሮ እንደ ቆዳ ባለ ሽፋን የሚዘጋውን በሽታ በዚሁ የቆዳ ስም ጠራው፤ ዛሬ «ዲፍቴሪያ» የምንለው ነው። እንግዲህ ድንኳኑ፣ ካህኑ፣ ደብተሩና በሽታው የአንድ ቆዳ ልጆች ናቸው። ይህን ባወቅሁ ማታ ለክፍል ጓደኛዬ እየነገርሁ እንቅልፍ ነሣሁት። ቃል እንዲህ ሲያስደስተኝ፣ ቃል ሰው ሊገድል እንደሚችል ገና አላወቅሁም ነበር።

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። እኔ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። አባቴ በኤንትሬ ፊያት ላይ ረዳት ሆኖ የአሰብን መንገድ የጀመረ፣ በኋላም ሾፌር የሆነ ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣና አሰብ ሲዘጋ መንገዱ ወደ ጂቡቲ ዞረበት። የረዳት ሥራ ግማሹ ሸራ ነው። ዝናብ ሲመጣ ማልበስ፣ ኬላ ላይ መግለጥ፣ እንደገና ማልበስ፣ ገመዱን መወጠር፣ ሲቀደድ በመርፌ ቁጢጥ ብሎ መስፋት። አንድ ክረምት «አባባ፣ ልሂድ» ብዬ አስቸግሬው ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ጭነቱ ላይ ሸራ ለብሼ ሄጃለሁ። ጨለማውን፣ የናፍጣውን ሽታ፣ የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ባቲ ስንደርስ አባቴ ሸራውን ገልጦ ፊቴን ሲያይ ደነገጠና ሁለተኛ አላስገባኝም።

የእናቴ እናት ደግሞ ሌላ ሸራ ነበራት። በ1977ቱ ድርቅ ከልጆቿ ጋር ቆረም መጠለያ ወርዳ ስትመለስ ይዛው የመጣችው ነው። እኔ ሳውቀው በርበሬ የሚሰጣበት፣ ለጎረቤት ሠርግና ለቅሶ የሚዋስ፣ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ጨርቅ ነበር። አንድ ቀን በላዩ ስንፈነጭ «ቀስ በሉ፣ ይኼ ቤቴ ነበር» ብላ ገሠጸችን። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ከመፈናቀል ጋር «ሸራ ወጥረው ይኖራሉ» የሚለውን ዜና በሰማሁ ቁጥር የአያቴ ድምፅ ይሰማኛል።

ሦስተኛው ሸራ እግር ላይ ነበር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሸራ ጫማ ያላደረገ ወደ ሜዳ አይገባም ነበር። «ጫማ» የሚለውን ማንም አይጨምረውም፤ «ሸራዬን አጥቤ አሰጣሁት» ብንል የሚያደናግረው ሰው አልነበረም። ከዚህም ሌላ ሠዓሊው የሚሥልበት ሸራ አለ፤ ቁስለኛ የሚነሣበት የሸራ ቃሬዛ አለ። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ በተተከለ ድንኳን ነው የተቆረቆረችው፤ «ከተማ» የሚለው ቃልም በጥንቱ ትርጉሙ የጦር ሰፈር ነበር። በአጭሩ ከንጉሥ እስከ ተመጽዋች በአንድ ሸራ ሥር አልፈናል ማለት ይቻላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ሸራ የማውቅ ሰው እዚህ አገር አራት ዓመት ስቆይ አንዱ ትርጉም ሌላውን ዋጠብኝ። ሒጃዝ የድንኳን አገር ነው። የጅዳን አውሮፕላን ማረፊያ ያያችሁ የሐጅ ተሳፋሪዎች ማስተናገጃውን ታስታውሱታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተውና በባንግላዴሹ ተወላጅ በመሐንዲስ ፈዝሉር ኻን እጅ ያለፈው ይህ ሥራ፣ ጣሪያው 210 የተወጠሩ ድንኳኖች ነው። ከመካ ወጣ ብሎ ያለው ሚና ደግሞ ሸለቆው በሙሉ ነጭ ድንኳን ነው፤ ቁጥሩ ከ100,000 በላይ ነው። ቀድሞ እነዚህ ድንኳኖች ተራ ሸራ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1997 ከማብሰያ ጋዝ የተነሣ እሳት 70,000 የሚያህሉትን በላ፤ 343 ሐጃጆች ሞቱ፤ ከ1,500 በላይ ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት በማይዘው፣ ቴፍሎን በተቀባ የመስተዋት ክር ጨርቅ የተተኩት።

ሙቀቱም የሐኪሙን ሐሳብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የሐጅ ወቅት ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በሙቀት የተመታን ሰው የማቀዝቀዝ ጥበብ እዚህ ቦታ ብዙ የተራመደው በዚሁ ምክንያት ነው። ኾጋሊና ዋይነር የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት የመካ ማቀዝቀዣ አልጋ፣ በሽተኛውን በመረብ ላይ አስተኝቶ 15 ዲግሪ የሆነ ውኃ እንደ ጉም እየረጨ ሞቅ ያለ አየር የሚነፋበት ነው። በረዶ ውስጥ ቢነከር ቆዳው ይኮማተራል፤ በዚህ ዘዴ ግን ቆዳው ሳይኮማተር ውኃው ይተናል። ይህን የምጽፈው ያን ዕለት ሐኪሙም እኔም ለምን ወደ ሙቀት እንደ ሮጥን እንዲታወቅልኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በሐጅ ሰሞን ጅዳ ውስጥ ነው። ዐረብኛና አማርኛ የምናውቅ ተማሪዎች ድንገተኛ ክፍል በአስተርጓሚነት እንድንረዳ ተጠይቀን ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ሁለት ወጣቶች አንድ ሦስተኛ ደግፈው አመጡና በሩ ላይ አስቀምጠውት ጠፉ። ልጁ ዕድሜው ሃያ ቢሞላ ነው። ራሱን ይዞ ያቃስታል፤ ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ሙቀቱ 38.6 ነበር። ሐኪሙ «ምን ሆኖ እንደ ታመመ ጠይቀው» አሉኝ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው?» አልሁት።

«ሸራ ውስጥ ሆነን ነው» አለ። «ታፍነን ነው።»

እኔም ወደ ሐኪሙ ዞር ብዬ «ኸይማ ውስጥ ነበር፤ ሙቀት አፍኖት ነው» ብዬ ተረጐምሁ። ኸይማ በዐረብኛ ድንኳን ነው። የግእዙ «ኀይመት» ዘመድ መሆኑን የሚያውቅ አስተርጓሚ በመሆኔ በልቤ ሳልኮራ አልቀረሁም። ሐኪሙም ከሚና ድንኳን የሚመጣ ሰው ሲያዩ ነው የሰነበቱት። ልብሱን አስወለቁ፤ ውኃ አስረጩበት፤ ማራገቢያ አዞሩለት፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው። ጣቱ ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ 98 ይላል። ሁሉም ደኅና ይመስላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ወረደ፤ ልጁ ግን አልተሻለውም። ራስ ምታቱ ባሰ፤ እንደ ሰካራም ይንተባተባል። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሳለሁ እጁን ወደ አልጋው ሥር እየሰደደ «ሸራዬስ? ሸራዬ የት ሄደ?» ይላል። እየቃዠ መሰለኝ። «ድንኳኑ እዚያው ነው፣ አብሽር» አልሁት። ልጁ በሕመሙ ላይ ሆኖ እንኳ ተናዶ አየኝና ባዶ እግሩን አነሣ። ጫማውን ነው የሚፈልገው። ሸራ ጫማውን።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የደነገጥሁትን ድንጋጤ አልረሳውም። ቀጥ ብዬ ቆሜ «የቅድሙስ? ታፈንንበት ያልኸው ሸራ የምኑ ሸራ ነው?» አልሁት።

ዝም አለ። ቆየና «አንተ ከነሱ ጋር ነህ? ለፖሊስ ትነግራለህ?» አለኝ።

«እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ተማሪ ነኝ። አባቴ የመኪና ሰው ነው፤ ከሸራ ሥር መሄድን አውቀዋለሁ» አልሁት።

«የመኪና ነዋ!» አለ። «ፒክአፕ። ሰባት ነበርን። ሸራውን ከላይ ጠፍረው አሰሩብን። ጭሱ ከታች በኩል ይገባ ነበር። መንገዱን ሁሉ።»

ወደ ሐኪሙ ሮጥሁ። ቤንዚን መኪና፣ የታሰረ ሸራ፣ ጭስ። ከዚህ በላይ መናገር አላስፈለገኝም፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ደሙ ተወስዶ ሲመረመር ከቀይ የደም ሕዋሱ ሄሞግሎቢን 20 በመቶ የሚበልጠው በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘ ሆኖ ተገኘ። ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ይህን ያህል ነበር። ሲጋራ በማያጨስ ሰው ከ2 ወይም ከ3 በመቶ አያልፍም።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ኦክስጅንን ከ200 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በጣት የሚሰካው ተራ መለኪያ ደግሞ በዚህ ጋዝ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው መለየት አይችልም፤ ሰው እየሞተ 98 ይላል። ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ መደናገሩ ከሙቀት ሕመም ጋር አንድ ነው። የሚለየው ታሪኩ ብቻ ነው፤ ታሪኩን ደግሞ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። መድኃኒቱ ንጹሕ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር የጋዙ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። እኔ በአንድ ቃል ያባከንሁት ሰዓት ምን ያህል ውድ እንደ ነበር አንባቢ ያስላው።

ልጁ ዳነ። ጠዋት ላይ ዐይኑ ጠርቶ ውኃ ጠየቀኝ። ሐኪሙ ግን ሌሊቱን «ሌሎቹስ?» ብለው ነበር፤ እኔም ጠይቄው ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ እርሱን አምጥተው የሄዱት ናቸው። ሦስቱ በየፊናቸው ተበትነዋል። «አንዱ ግን ስንወርድ አልነቃ አለን» አለ። «ሾፌሩ ‹ደክሞት ነው› ብሎ ይዞት ሄደ።» መኪናው ወዴት እንደ ሄደ አያውቅም። ሐኪሙ ሊነገረው ለሚገባው ሁሉ አስነገሩ። ስለዚያ ሰው እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም። ገና ሦስት ሰዓት ላይ «የምኑ ሸራ?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ የሚያስብል ነገር ይኖር እንደ ሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

ሐኪሙ አልተቈጡኝም። «እንዴት ነው ኸይማ ያልኸኝ?» ብቻ አሉኝ። ቃሉ ድንኳንም ማለት እንደሚሆን፣ ሌላም ብዙ ነገር እንደ ሆነ ማስረዳት ጀመርሁና ተውሁት። መልሱ ስለማላውቀው አልነበረም የተሳሳትሁት። ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ የሄድሁበትን ሸራ የማውቀው እኔ ነበርሁ። የሐጅ ሰሞን ስለ ነበር፣ በዙሪያዬ ሁሉ ድንኳን ስለ ነበር፣ ከዚህም በላይ ልጁ የመጣበትን መንገድ ላለማሰብ ስለ ፈለግሁ፣ የቀለለኝን ትርጉም አነሣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ በአውሮፕላን፣ በስኮላርሺፕ፣ ወረቀቴ ተሟልቶ የመጣሁ ነኝ። እርሱ በባሕርና በበረሃ ነው የመጣው። በአንድ ቋንቋ እየተነጋገርን በአንድ ቃል ውስጥ የተለያየ ሸራ ነበረን። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚህ አገር ከተመለሱት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በዚያው መንገድ የመጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም መንገዱ አልተዘጋም። ነገ በየድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ የምናገኛቸው እነርሱን ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሆስፒታል የምናስተረጉም አባላት ጥቂት አይደለንም። በሽተኛ የሚናገራቸውንና ብዙ መልክ ያላቸውን ቃላት በአንድ ደብተር እንሰብስብ። «ምች መታኝ» ያለ ሁሉ ፀሐይ መታው ማለት አይደለም። «ልቤን ያመኛል» ያለ ጨጓራውን ሊሆን ይችላል፤ «ጨጓራዬ ነው» ያለ ደግሞ ልቡን። «ብርድ ገባኝ» የሚለው አንዱ ጋ የወገብ ሕመም፣ ሌላው ጋ የሳንባ ምች ነው። እያንዳንዳችን ከየአካባቢያችን የምናውቀውን ጽፈን ለአዘጋጅ ኮሚቴው ብንልክ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጡት ተማሪዎች ከማንኛውም መጽሐፍ የሚበልጥ ስንቅ ይሆናቸዋል።

የመጀመሪያውን ቃል እኔ አዋጥቻለሁ። እንግሊዞቹ ከሸራ ስም «አገላብጦ መመርመር» የሚል ግሥ ማውጣታቸውን ከላይ ጽፌያለሁ። ለአስተርጓሚ ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘሁም። በሽተኛ አንድ ቃል ሲሰጠን ወዲያው ተርጉመን ከማሳለፋችን በፊት አራቱን ማዕዘን ይዘን እናገላብጠው። አንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

ልጁ ሲወጣ ሸራ ጫማውን አልጋው ሥር አግኝቼ ራሴ አሰርሁለት። አንዱ ክር ተበጥሶ ነበር፤ የኔን ፈትቼ ሰጠሁት።